ጠዋትና ማታ፣ ሳታቋርጥ

ከመንገዱ ማዶ ካለው መድኃኒት ቤት ሲወጣ ሳየው ይህ ሁለተኛዬ ነው። በመጀመሪያው ቀን ዓይኔን ተጠራጠርኩ። ዛሬ ግን የተጠራጠርኩት እሱን ነው።

እስቲ ፍረዱኝ። አንድ ሰው የሚወዳት ልጅ ፋርማሲስት ሆና ሳለ፣ ያውም መደርደሪያዋ ሙሉ፣ ያውም በሯ ክፍት፣ ያውም ነጭ ጋወኗን ተኩሳ ደረቷን ነፍታ እየጠበቀችው፣ መንገድ ተሻግሮ ሌላ መድኃኒት ቤት የሚገባው ለምንድነው? ለመድኃኒት ነው እንዳትሉኝ። ማዶ ያለችውን ፋርማሲስት አይታችኋት አታውቁም። ጥፍሯን አሳድጋ አሳድጋ ክኒን የምትቆጥረው በእሱ ነው።

እሱ ደግሞ ሲወጣ ግራ ቀኝ አየ። ንጹሕ ሰው ግራ ቀኝ የሚያየው መኪና ሲፈራ ብቻ ነው። እሱ መኪናውን ሳይሆን የእኔን መስኮት ነበር የሚያየው።

እርሾ እንለዋለን። ስሙን ያወጡለት የእናቱ ዳቦ ቤት ሠራተኞች ናቸው፤ ሁሉ ነገሩ ቀስ ብሎ ነው የሚነሳው፦ ንግግሩም፣ ሳቁም፣ ንዴቱም። የእመቤቲቱ አንድያ ልጅ ሲሆን የከተማውን ግማሽ ቁርስ የሚጋግረው እሱ ነው። እናቱን ሁላችንም እትዬ ነው የምንላቸው፤ ሌላ ስም ቢኖራቸውም ደፍሮ የሚጠራው የለም። እኔ ደግሞ የዳቦ ቤታቸው ተሸካሚ ልጅ ነኝ። አባቴ የእትዬን ዱቄት ከመኪና ወደ መጋዘን እየተሸከመ ነው ያስተማረኝ። የተመረቅኩ ቀን ፎቶዬን ይዞ ሊያሳያቸው ሄደ። እትዬ አገላብጠው አዩትና «ጎበዝ! የእኔ ዱቄት ነው ያስተማራት» አሉ። አባቴ አመስግኖ ወጣ። እኔ እስከዛሬ አላመሰገንኩም።

ከእርሾ ጋር የተዋወቅነው ጉንፋን ነው እያለ በሚያስለው ሳል ነው። አንድ ጠዋት ፊቱ ላይ ዱቄት እንደተነሰነሰ ገባና የሳል ሽሮፕ ጠየቀኝ። ሲተነፍስ ደረቱ ያፏጫል። «ይሄ ጉንፋን አይደለም፤ ሐኪም ጋ ሂድ» ብዬ ገፍቼ ላክሁት። አስም ነው ተባለ። ሁለት በአፍ የሚሳብ ፓፍ ታዞለት ተመለሰ፤ አንዱ ሰማያዊ፣ አንዱ ቡናማ።

«ሰማያዊው ሲያፍንህ ነው» አልኩት። «ቡናማውን ግን ደህና ሆንክም አልሆንክም ጠዋትና ማታ ትወስዳለህ።»

«ደህና ከሆንኩ ለምን እወስዳለሁ?»

«ደህና የምትሆነው ስለምትወስደው ነዋ! ቁስል ሲቆጣ አይተህ ታውቃለህ? የአየር ቧንቧህ እንደዚያ ተቆጥቷል። ቡናማው ቁጣውን ያበርዳል። ስቴሮይድ ነው።»

«ስቴሮይድ?» ክንዱን አየት አደረገ። «ጡንቻ ያወጣልኛል?»

«አያወጣልህም። እሱ ሌላ ዓይነት ነው።»

«ታዲያ ምን ሊጠቅመኝ ነው?»

ሳቅሁ። እኔ ደንበኛ ፊት አልስቅም። ቡናማውን ሳብ አደረገ፣ ትንፋሹን ያዘ፣ ለቀቀ፤ ከዚያም «ምንም አልተሰማኝም» አለ።

«ሊጥ ላይ እርሾ ጨምረህ ወዲያው ‹ተነስ› ትለዋለህ?»

ይሄኔ ገባው። ቀና ብሎ አየኝ። በዚያ ሁሉ ነጭ ፊት ላይ ዓይኑ ብቻ ነበር ጥቁር። «በኋላ አፍህን ተጉመጥምጠህ ትፋው፤ መድኃኒቱ አፍህ ውስጥ ከቀረ ነጭ ነጭ ያወጣብሃል» ብዬ ወደ እጅ መታጠቢያው መራሁት። ተጉመጠመጠና ሊተፋ ሲል እኔን ማየቱን ስላልተወ ጋወኔ ላይ ተፋው። ሰው ተፍቶብኝ ልቤ ሲመታ ያ የመጀመሪያውም የመጨረሻውም ነው።

ከዚያ ወዲያ ቡናማው ሲያልቅበት እኔ ጋ ይመጣል። እኔም ከመጀመሪያው ጀምሮ ካርቶኑ መክፈቻ ላይ ወረቀት ለጥፌ «ጠዋትና ማታ፣ ሳታቋርጥ» ብዬ እጽፋለሁ። ሙያው የሚፈቅደው እስከዚህ ነው። እኔ ግን ከሥሩ በትንንሽ ፊደል እጨምርበታለሁ፤ አንድ ጊዜ «ስትስበው አስበኝ»፣ ሌላ ጊዜ «ትንፋሽህን ስትይዝ እኔም እይዛለሁ»። አዎ፣ እኔ ነኝ የጻፍኩት። አትሳቁ።

ይህ ሁሉ ከእትዬ ተደብቆ ነው። በእትዬ ዳቦ ቤት መሳል ክልክል ነው፤ የሚያስል ሰው የጋገረውን ማን ይገዛል? ስለዚህ የልጃቸው አስም እንደ መንግሥት ምስጢር ነው የሚጠበቀው፤ ፓፉን እንኳ የሚስበው መጋዘን ውስጥ ተደብቆ ነው። እኔም ከአስሙ ጋር አብሬ ተደብቄ እኖራለሁ። መደበቁን እንኳ ተቀብዬው ነበር። አሁን ግን እኔን የደበቀ ሰው ጥፍር ለረዘመባት በጠራራ ፀሐይ መንገድ ተሻገረላት። ደረቴ ውስጥ የሆነ ነገር ተቆልፎ ቁልፉ ጠፋ።

*

በማግስቱ ሱቄን ዘግቼ መንገዱን ተሻገርኩ።

«ምን ልስጥሽ?» አለችኝ፤ በእኔው ዓይነት ጋወን፣ በእኔው ዓይነት የደንበኛ ፈገግታ።

«ሰው።»

«ሰው እንኳ አልቆብናል።» ጥፍሯን ጠረጴዛው ላይ ቀጭ ቀጭ አደረገችው። «ምን ሆነሻል? ፊትሽ ልክ አይደለም።»

«ያ ረጅሙ ልጅ። ጫማው ላይ ዱቄት የማይጠፋው። ከእሱ ጋር ምንድነው ያላችሁ?»

«ኦ! ሰማያዊው?» ሳቋ መጣ። «እኔ ሰማያዊው ነው የምለው። ሰማያዊ ፓፍ ይወስዳል፣ ይሄዳል። ፊቴን እንኳ ቀና ብሎ አያየኝም እኮ! ለምን መሰለሽ ይሄን ጥፍር ያሳደግኩት?»

«ሰማያዊ ብቻ?»

«ብቻ። አንዱን በቅጡ ሳይጨርስ ሌላ ይላል። ‹እንደዚህ ከበዛብህ ልክ አይደለም፤ ሐኪምህ ያውቃል?› ስለው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? ‹አታስቢ፤ የራሴ ፋርማሲስት አለችኝ።›» ከዚያ ሳቋ ቀስ እያለ ከፊቷ ወረደ። «እንዴ… አንቺ ነሽ እንዴ?»

ምነው የደበቀኝ ነገር ሴት በሆነች!

ሴት ብትሆን ማድረግ ያለብኝ የታወቀ ነው። አለቅሳለሁ፣ አኮርፋለሁ፣ ፀጉሬን እቆረጣለሁ፣ ጓደኞቼ መጥተው «ድሮም አልወደድነውም» ይሉኛል። ለዚህኛው ግን ማንም የተዘጋጀ ሰው የለም። ሰማያዊው ቧንቧውን ለጥቂት ሰዓት ይከፍታል እንጂ ከሥር ያለውን ቁጣ አይነካውም። ቡናማውን በደንብ የሚወስድ ሰው ሰማያዊውን የት እንዳስቀመጠው ይረሳዋል። እያሳደደ የሚገዛው ግን ደረቱ ውስጥ ቤት እየተቃጠለ በሩን እየከፈተ የሚተነፍስ ሰው ነው። አንድ ቀን በሩም አልከፈት ይላል።

መንገዱን መልሼ ስሻገር መኪና ጡሩምባ ነፋብኝ። ሹፌሩ ፊቴን ሲያይ እጁን ከጡሩምባው ላይ አነሳ።

*

የዚያኑ ዕለት ቀትር ላይ መጣ። እንደ ልማዱ ትኩስ ዳቦ በወረቀት ጠቅልሎ፣ ፈገግታውን ከበር ጀምሮ ይዞ። አንድ አዛውንት የማዘዣ ወረቀታቸውን ይዘው ፊቴ ቆመዋል። አልጠበቅኩም።

«ቡናማውን ትወስዳለህ?»

ፈገግታው በሩ ላይ ቀረ። «ምን?»

«ሰምተኸኛል።»

ዳቦውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ያን ቀስ የሚለውን ንግግሩን ቀስ አድርጎ አነሳው። «እንዳትቆጪ።»

«ተቆጥቻለሁ። ቀጥል።»

«ደስ የሚል ነገር ነው እኮ የምነግርሽ። ለብቻችን ስንሆን ልነግርሽ ነበር የጠበቅኩት።» አዛውንቱን አየት አደረገ፤ እሳቸው ጆሯቸውን አቀኑ። «አንቺን ካወቅኩ ወዲህ ሳሌ ጠፋ። ዱቄት ተሸክሜ ደረጃ ወጣሁ። ሌሊቱን ሳልነቃ ተኛሁ። ያኔ ገባኝ። ያዳነኝ መድኃኒቱ አይደለም። አንቺ ነሽ። ከዚያ ተውኩት።»

ይህን ቃል የሰማች ሌላ ሴት ብትሆን ጉልበቷ ይከዳት ነበር። የእኔ ጉልበት ይባስ ጸና።

«ያዳነህ ቡናማው ነው! የመጀመሪያውን በሥርዓት ጨረስከው፣ ሠራልህ፣ ከዚያ ምስጋናውን ለእኔ ሰጥተህ እሱን አባረርከው!»

«ፍቅርሽን ነው ያልኩት—»

«እኔ ሴት ነኝ! ስቴሮይድ አይደለሁም!»

አዛውንቱ አሳላቸው፤ የአስም ሳል አልነበረም።

«ከዳንክስ» አልኩት «ማዶ ምን ትሠራለህ?»

ቀላ። «መለስ ብሎብኝ ነበር። ትንሽ። ስታኮርፊኝ ነው የሚብሰው። ከአንቺ ብገዛ ታዝኛለሽ ብዬ ፈራሁ። ‹ፍቅሬ አልበቃውም› ብለሽ።»

እዩልኝ እንግዲህ። እንዳላዝን ብሎ ሊሞት ነበር። ከዚህ በላይ የዋህነት የለም፤ ከዚህ በላይም ሰው የሚያናድድ የለም። እጄ ሊያቅፈው ይፈልጋል፣ ምላሴ ሊገርፈው ይፈልጋል። ምላሴ ቀደመ።

«ለዳቦህ የምትጠነቀቀውን ያህል ለሳንባህ ብትጠነቀቅ! ለእናትህ ፊት የምትጨነቀውን ያህል! መጋዘን ውስጥ ተደብቀህ የምትተነፍሰው ለማን ብለህ ነው?»

«እናቴን ለቀቅ አድርጊያት።»

«በደስታ! አንተስ መቼ ነው የምትለቃት?»

አሁን እሱም ተቆጣ። ያ ቀስ ብሎ የሚነሳው ንዴቱ ተነሳ፤ ሲነሳ ደግሞ ከሥሩ ፉጨቷን ሰማኋት፤ ቀጭኗን፣ የድሮዋን። «እናቴ እውነቷን ነው» አለ። «‹ፋርማሲስት ሰው አታይም፤ በሽታ ነው የምታየው› ትለኛለች። ለአንቺ እኔ ደንበኛ ነኝ!»

«ምነው በሆንክ! ደንበኞቼ መድኃኒታቸውን ይወስዳሉ!»

ወጣ። በሩን እንኳ ጮክ አድርጎ አልዘጋውም፤ ቀስ አድርጎ፣ እንደ ምድጃ በር።

«የኔ ልጅ» አሉ አዛውንቱ በለስላሳ ድምፅ፣ «የእኔን የደም ግፊት ስጪኝማ፤ እናንተን ሳይ ጨመረብኝ።»

ዳቦውን ወደ ውጭ ልወረውረው አነሳሁት። ትኩስ ነበር። ሱቁ ባዶ እስኪሆን ጠበቅኩና ደረቴ ላይ አድርጌ ያዝኩት። እስኪቀዘቅዝ ድረስ አለቀቅኩትም።

*

ከዚያ በኋላ አልመጣም። እኔም አልሄድኩም። ሁለት ሰው ሲኮራረፍ ከመካከላቸው አንዱ ቀድሞ መሰበር አለበት ይባላል፤ እኛ ግን የተሰበረውን ማየት እንጂ መሰበር አልፈለግንም። አባቴ ማታ ማታ ከሥራ ሲመጣ ጫማውን እያወለቀ ወሬ ጣል ያደርግልኛል። «ልጁ ዛሬ ፀጥ አለ።» «ልጁ ዛሬ ሁለት ጊዜ ተቀመጠ።» እኔም «እኔን ምን አገባኝ» እላለሁ፤ ቀጥዬ «ተቀምጦ ምን አደረገ?» እላለሁ።

አንድ ረፋድ ላይ አባቴ እየሮጠ ገባ። ከረጢቱን ትከሻው ላይ እንደተሸከመ ነው የመጣው፤ ማውረዱን ረስቶት። ሱቄ መሐል ሲቆም ከረጢቱ ወደቀና ፈነዳ፤ ጉም መሰለ ቤቱ።

«የኔ እናት፣ ልጁ! ልጁ አቃተው! መናገር አቃተው!»

ከመደርደሪያው ሰማያዊ ፓፍ ነጥቄ፣ ጠረጴዛው ላይ የነበረ ባዶ የውሃ ፕላስቲክ አንስቼ ሮጥኩ። የሁለታችን ጫማ የዱቄት ዱካ መንገዱን አቋርጦ ዳቦ ቤቱ በር ድረስ ሄደ።

የሊጥ ማቡኪያው ክፍል በር ተዘግቷል። በሩ ላይ እትዬ ቆመዋል። ከፊት ለፊት ሰው ተሰልፎ ዳቦ ይገዛል፤ ገንዘብ ተቀባይዋ ዓይኗን ከተዘጋው በር ሳትነቅል ፈገግ ትላለች። የቤቱ ደንብ ነዋ።

«ዕረፍት ነው የሚያስፈልገው» አሉ እትዬ። ከንፈራቸው ነጭ ሆኗል። «ይለፍለታል። ሁልጊዜ ያልፍለታል። ሰው ፊት አታዋርጂን።»

«ይልቀቁኝ።»

«ወሬ ይወጣል እያልኩሽ ነው!»

ያኔ ነው አባቴ፣ እንዲያ አንገቱን ደፍቶ የኖረ ሰው፣ እትዬን በሁለት እጁ እንደ ከረጢት ከመሬት አነሳቸውና ወደ ጎን አስቀመጣቸው። በጥንቃቄ። እንዳይፈነዱ። «ይቅርታ እትዬ» አለ። «ልጄ ትግባበት።»

ክፍሉ ውስጥ ዱቄቱ ገና አየር ላይ ይንሳፈፋል። እሱ ወንበር ላይ ወደ ፊት ተደፍቶ፣ እጁን ጉልበቱ ላይ ተክሎ፣ ትከሻው ከጆሮው ጋር እየተጋጨ ይስባል። ቀኝ እጁ ሰማያዊ ፓፍ ጨብጧል። ይጫነዋል፤ ባዶ ነው፤ ይጫነዋል። ያ ፉጨት ግን አልነበረም። ፉጨቱ ሲጠፋ ነው የሚያስፈራው። የሚያፏጭ አየርም የለም ማለት ነው።

«በሩን ክፈቱ! መስኮቱንም! አባዬ፣ መኪናውን አስነሳልኝ!»

ፕላስቲኩን ቂጡ ላይ ለመብሳት መቁረጫ ስፈልግ የእሱን መሳቢያ ሳብኩት። መቀሱ ላይኛው ላይ ነበር። ከመቀሱ ሥር ደግሞ ቡናማዎቹ። በካርቶናቸው። ተደርድረው። አንዳቸውም አልተከፈቱም። የእኔ የእጅ ጽሑፍ ከነ ትንንሽ ፊደሉ፣ ወደ ላይ ዞሮ፣ ከዱቄት እንዲጠበቅ በላስቲክ ተሸፍኖ።

ሁሉን ነገር ጽፌለት ነበር። ሁሉንም አንብቦት ነበር።

ለመናደድ ጊዜ ስላልነበረኝ ንዴቱን አጣጥፌ ኪሴ ከተትኩት። መድኃኒቱ አየር ላይ እንዳይባክን ፕላስቲኩን በሳሁ፣ ፓፉን በቀዳዳው ሰካሁ፣ የፕላስቲኩን አፍ ከንፈሩ ላይ አደረግኩ። «እየኝ። አትናገር። አንድ ጊዜ እለቅልሃለሁ፣ ቀስ እያልክ ደጋግመህ ትስበዋለህ። እየኝ አልኩህ!» ጫንኩት። ሳበ። ዓይኑ ዓይኔን አልለቀቀም። እንደገና። እንደገና። ከኋላዬ ሰልፉ በሞላ በተከፈተው በር አንገቱን አስግጎ ያያል፤ እትዬ ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል። አንዲት ሴት «ምን ሆኖ ነው?» ስትል ሰማሁ።

ዳቦ ማመላለሻው መኪና ውስጥ፣ ባዶ ትሪዎች መሐል፣ ጭንቅላቱን ቀና አድርጌ ይዤ ሄድን። ትሪዎቹ በየጉድጓዱ ይንኳኳሉ። እኔ በየመንኳኳቱ መሐል ትንፋሹን እሰማለሁ፤ ሲዘገይ እኔም አልተነፍስም ነበር።

*

ሆስፒታሉ ኮሪደር ውስጥ አንድ አግዳሚ ወንበር ብቻ ነው የነበረው። እትዬ በአንዱ ጫፍ፣ እኔ በሌላው። ውስጥ ኦክስጅን ተደርጎለታል፤ እንደ ጉም ያለ መድኃኒትም በጭንብል ይስባል። «በጊዜ ደርሳችኋል» አለን ሐኪሙ፤ ለማን እንደሚናገር ግራ ገብቶት በመሐላችን ያለውን ባዶ ቦታ እያየ።

«በሩን ለምን ዘጉት?» አልኩ።

«ሰው እንዳያየው።»

«ሰው አላየውም። አየርም አላየውም።»

እትዬ እንዲህ ያናገራቸው ሰው የለም። የሚመጣውን ጠበቅኩ፤ ተሸካሚው፣ ዱቄቱ፣ ያስተማረኝ። ደህና አድርጌ መልስ አዘጋጅቼ ነበር፤ ለዓመታት። እሳቸው ግን እጃቸውን ከፍተው አዩት። ያ ባዶ ሰማያዊ ፓፍ በእጃቸው ነበር። ከልጃቸው መዳፍ ያወጡት እሳቸው ናቸው፤ እኔ አላየሁም።

«አባቱ ልክ እንዲህ ነበር» አሉ። «ምድጃው ፊት ነው ያገኘሁት። ይሄን ነገር ጨብጦ። ጣቱን አንድ በአንድ ነው ያላቀቅሁት። ከዚያ ቀን ወዲህ ፓፍ የሚባል ነገር ሳይ ሬሳ ነው የማየው። ልጄ ኪስ ውስጥ ሳገኘው… አላየሁም አልኩ። ካላየሁት የሌለ መሰለኝ።»

«ቡናማው አልነበረውም? አባቱ?»

«ምን ቡናማ? ማን ነገረን? ‹ሲያፍንህ ይሄን ሳብ› አሉት፤ ሳበ። እስኪሞት ሳበ።» ድምፃቸው ተነሳ፤ አሁን በእኔ ላይ። «ሌላ እንዳለ የሚነግረን ሰው የት ነበር ያኔ? አንቺ የት ነበርሽ?»

ሕፃን ነበርኩ። አባቴ ትከሻ ላይ፣ በከረጢት ፈንታ። ያ ሁሉ ዓመት የሞረድኩት መልስ እጄ ላይ ቀረ። ንዴቴ ዞር ዞር ብሎ የሚያርፍበት አጣ፤ ቢያጣም አልበረደም። አጠገቤ ደግሞ የእሳቸው ንዴት ተቀምጧል፤ በዕድሜ የእኔውን ይበልጠዋል እንጂ ስለ አንድ ሰው ነው። በዚያ አግዳሚ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ተዛመድን።

*

ሲያስገቡኝ ጭንብሉን አንስቶ ሊናገር ሞከረ።

«አድርገው። አትናገር።»

አላደረገውም። «ያልከፈትኩት… ጽሑፍሽ እንዳይቀደድ ነው። መክፈቻው ላይ ነው የምትለጥፊው። የመጀመሪያውን ስከፍት ለሁለት ተቀደደ፤ ‹ሳታቋርጥ› የምትለዋ። አሳዘነችኝ። ሌሎቹን አስቀመጥኳቸው። ይበቃኛል ብዬ… ማንበቡ።»

በዚህ ምድር ላይ መድኃኒቱን አቋርጦ «ሳታቋርጥ» የሚለውን ወረቀት በላስቲክ ሸፍኖ ያስቀመጠ ሰው እሱ ብቻ ነው። እንባዬ መጣ። የመጣው ከንዴት ነው። ሌላ ነው የሚለኝ ካለ አልሰማም።

«ከዛሬ ጀምሮ ካርቶን ላይ ምንም አልጽፍልህም» አልኩት። «ፊደል አይደለም፣ ነጥብ አልጽፍልህም። ሐኪሙ ይጻፍልህ። በእሱ ፊደል ፍቅር አይይዝህም፤ ማንም አያነበውም።»

ሊስቅ ሲል ሳል ያዘው። ጀርባውን ያዝኩለት፤ ሲያልፍለት እጄን አላነሳሁም።

«ታረቂኝ።»

«አልታረቅህም። አንድ ነገር ልንገርህና ልሂድ። መጋዘን ውስጥ የሚተነፍስ ሰው አላገባም። ከዱቄት ከረጢት ጀርባ የሚወድ ሰውም አላገባም። ቡናማውን የምትወስደው ከፊት ለፊት ነው፤ ሰልፉ ፊት፣ እናትህ ፊት። ያኔ ደግሞ እኔም ከፊት ነኝ። ካልሆነ ማዶ ሂድ፤ እሷ ጋ ሰማያዊ ሞልቷል።»

ወጣሁ። በሩን በደንብ ጮክ አድርጌ ዘጋሁት፤ ለሁለታችንም።

*

ሥራ በተመለሰ በመጀመሪያው ጠዋት እንደ ማንኛውም ዳቦ ገዢ ሰልፍ ያዝኩ። ሊጥ ማቡኪያው ክፍል መስኮቱ ወለል ብሎ ተከፍቷል። አባቴ አፍንጫና አፉን በጨርቅ ሸፍኖ ከረጢት ይዞ አለፈ፤ አየኝና ሳያየኝ እንዳለፈ ሆነ። እትዬ ገንዘብ መቀበያው ላይ ናቸው። እሳቸውም አዩኝ። ሰላምታ አልተሰጣጣንም።

ሰልፉ እየተጠጋ ሄደ። እሱ የለም። ፊቴ ሁለት ሰው ቀረ፣ አንድ ቀረ። ልቤ «መጋዘን ውስጥ ነው» አለኝ፤ እግሬ ወደ በሩ ዞረ።

ወጣ። በነጭ ሽርጡ፣ ትንሽ ከስቶ። መደርደሪያው ፊት፣ ዳቦዎቹ መሐል ቆመ። ኪሱ ገባና ቡናማውን አወጣ። ነቀነቀው። ሳበው፤ ቀስ ብሎ፣ እንዳስተማርኩት። ትንፋሹን ያዘ። እኔም ያዝኩ፤ ጽፌለት የለ።

ለቀቀ።

ከፊቴ ያለችው ሴት ወደ ጎረቤቷ አዘንብላ «ምንድነው እሱ? ምን አሞት ነው?» አለች፤ በሹክሹክታ፣ ሁሉም በሚሰማው ሹክሹክታ።

«መድኃኒቱ ነው!» አሉ እትዬ ከገንዘብ መቀበያው። ግንባራቸው ላይ ያለው ሥር ቆሟል። «አስም አለበት፤ አይተላለፍም። ዳቦ ነው ወሬ የፈለግሽው?»

«ዳቦ» አለች ሴትየዋ።

እትዬ ጎንበስ አሉና ከሥር አንድ ብርጭቆ ውሃ አወጡ። ቀድመው አዘጋጅተውት ነበር። ልጃቸው ፊት ጠብ አድርገው አስቀመጡት።

«ተጉመጥመጥ! እንዳትውጠው፣ ትፋው! አፍህ ላይ ነጭ ነጭ አውጥተህ ደግሞ የሰው ልጅ ታስጠላለህ!» ይህን ሲሉ ያዩት እሱን አልነበረም፤ እኔን ነው። ፊታቸው እንደተቆጣ ነው። የእኔም።

ተጉመጠመጠ። ከኋላ ሄዶ ተፋና አፉን በሽርጡ ጠርጎ ተመለሰ። ተራዬ ደርሶ ነበር። ዳቦዬን እሱ ራሱ በወረቀት ጠቅልሎ ሰጠኝ፤ ጣቱ ጣቴን ሲነካ ማንም ግራ ቀኝ አላየም።

«ታረቅን?» አለ፣ በሰልፉ ፊት፣ ሳይደበቅ።

«አልታረቅንም።»

«አሁንም?»

«‹ጠዋትና ማታ› ነው የተባልከው» አልኩት ዳቦዬን እያቀፍኩ። «የጠዋቱን አይቻለሁ። ለማታው እመጣለሁ።»